በፖቶማክ ግራና ቀኝ፦ መኪና አምራቾች በሁለት ቢላ የሚበሉት ለምንድን ነው?

መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። ወንዙን ተሻግሮ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ግን ከአንድ የመኪና ሕግ ወደ ሌላ እንደ ተሻገረ አያስተውልም። ቨርጂኒያ የካሊፎርኒያን የልቀት ደንብ ለመከተል በ2021 ሕግ አወጣች፤ በ2024 ገዥዋ ግሌን ያንግኪን ግዛቲቱ በዓመቱ መጨረሻ ከደንቡ እንደምትወጣ አስታወቁ። ሜሪላንድ በ2023 ጠንከር ያለውን ደንብ ተቀበለች፤ በ2025 ገዥዋ ዌስ ሙር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቅጣት የሚያዘገይ ትእዛዝ ፈረሙ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ መወላወል አዲስ አይደለም። ኮንግረስ በ1967 ጭስ ላፈናት ካሊፎርኒያ የራሷን ደንብ የምታወጣበትን መንገድ ከፈተ፤ በ1977 ደግሞ ሌሎች ግዛቶች ያንኑ ደንብ እንዲወስዱ ፈቀደ። ካሊፎርኒያም በ1990 ታላላቆቹ አምራቾች በ1998 ከሽያጫቸው 2 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶ ከጭስ ነጻ መኪና እንዲያቀርቡ አዘዘች። ጀነራል ሞተርስ ኢቪ ዋን የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና በ1996 መጨረሻ ማከራየት ጀመረ፤ አልሸጣትም። በዚያው ዓመት ግን ካሊፎርኒያ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ግዴታ ሰርዛ ነበር። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ደንቡ ይበልጥ ላላ፤ ኩባንያውም 1,100 ያህል ብቻ የተሠሩትን መኪኖች ሰብስቦ አብዛኞቹን ጨፈለቃቸው።

ብዙዎች ይህን እንደ ሴራ ይተርኩታል። እኔ እንደ ሒሳብ ነው የማነበው። አዲስ ሞዴል ከንድፍ እስከ ገበያ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የፕሬዚዳንት ዘመን ደግሞ አራት ዓመት ነው። በአንዱ አስተዳደር የተጀመረ ፋብሪካ በሌላው ይመረቃል። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት መኪና ይዞ መቆየት ውድ ኢንሹራንስ እንጂ ብልጠት አይደለም። በ1997 ፕሪየስን በጃፓን ገበያ ያዋለው ቶዮታ ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስለኛል፤ ሃይብሪድ ሕጉ ቢጠብቅም ቢላላም ይሸጣል።

የቅርቡ ዙር የባሰ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ለኤሌክትሪክ መኪና ገዥ እስከ 7,500 ዶላር የታክስ ቅናሽ ሰጠ፤ አምራቾችም ለባትሪ ፋብሪካ ቢሊዮኖች መደቡ። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ቅናሹን ከሴፕቴምበር 30 በኋላ አስቀረ፤ የነዳጅ ፍጆታ ደረጃን ለማያሟሉ አምራቾች የተቀመጠውንም ቅጣት ዜሮ አደረገው። ማባበያውም ዱላውም በአንድ ፊርማ ጠፉ። ጀነራል ሞተርስ በጥቅምት 1.6 ቢሊዮን፣ ፎርድ በታኅሣሥ 19.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚመዘግቡ ተናገሩ፤ ፎርድም ፊቱን ወደ ሃይብሪድ መለሰ።

አገራችን ሌላውን ጫፍ ያዘች። በጃንዋሪ 2024 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ገለጹ። ምክንያቱ ከአየር ንብረት ይልቅ የውጭ ምንዛሪ ነበር፦ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ ከአባይ ይመነጫል። ቀረጡም በዚሁ ስሌት ተደለደለ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣ ዜሮ። ለአገር ውስጥ ገጣጣሚ ይህ ግልጽ ምልክት ነው፤ አሜሪካኖቹ የሚመኙት ዓይነት። ይሁንና ያለ መሸጋገሪያ ጊዜ መጣ። እዚህ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ጽናት የለም፤ እዚያ ጽናቱ ቢኖር እንኳ ማስጠንቀቂያው አልነበረም። በዚያው ዓመት ጁላይ ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ የመኪናው ዋጋ በብር አሻቀበ።

አሌክሳንድሪያ ያሉት አጎቴ ታክሲ ያሽከረክራሉ፤ ሃይብሪድ ነው የያዙት። የሚኖሩበት ሕንጻ ቻርጅ ማድረጊያ የለውም፤ ሕጉም «ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ» ስለሆነ በመሀል መቆም ይሻላቸዋል። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ግን አዲስ መኪና ከውጭ ላስመጣ ብትል ያላት ምርጫ አንድ ነው። ባለፈው ለመኪና መግዣ ገንዘብ እንድንልክላት ስንነጋገር የጠየቀችን ስለ ዋጋው አልነበረም፤ «ከስምንት ዓመት በኋላ ባትሪው ሲደክም ማን ይገዛኛል?» ነበር ያለችው። አጎቴ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ።