ኢመልሽን፦ በካርቡሬተር ውስጥ ምን ማለት ነው?

በኬሚስትሪ ቋንቋ ኢመልሽን የማይዋሃዱ ሁለት ፈሳሾች አንዱ በሌላው ውስጥ ደቅቆ የተበተነበት ድብልቅ ነው፤ ወተትን ማሰብ ይበቃል። ሆሊ በሚባለው የእሽቅድምድም ካርቡሬተር ግን ከቤንዚኑ ጋር የሚገናኘው በሜተሪንግ ብሎኩ (ቤንዚኑ በሚመጠንበት ክፍል) ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚገባ አየር ነው። አየር ፈሳሽ ስላልሆነ፣ የሚገኘው በጥብቅ አነጋገር አረፋ ያዘለ ቤንዚን ነው። ስያሜው ሥራውን መቀላቀል ብቻ ስለሚያስመስለው፣ አየሩ በበዛ ቁጥር ሞተሩ ይሻለዋል የሚል አይጠፋም።

አረፋው ቤንዚኑን ለማድቀቅ መርዳቱ እውነት ነው። የሚበልጠው ሥራው ግን መጠን መቆጣጠር ነው። ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ብቻውን ቢተው፣ የአየሩ ፍሰት ሲጨምር ድብልቁ ቤንዚን እየበዛበት ይሄዳል፤ አረፋው ይህን ይገታል። “ታዲያ ጄቱን ማሳነስ አይበቃም ወይ?” ቢባል፣ አይበቃም፤ ጄት ማሳነስ ቤንዚኑን በዝቅተኛውም በከፍተኛውም የሞተር ዙር ስለሚቀንስ፣ ለላይኛው የተስማማው ለታችኛው ያንሳል። የኢመልሽን ቀዳዳዎች ግን፣ እንደ ስፋታቸውና እንደ ከፍታቸው፣ ድብልቁ ከዙር ዙር የሚለዋወጥበትን መንገድ ይቀይራሉ። ፍሰቱ ሲበረታ ቀዳዳዎቹ በሚከፈቱበት ጉድጓድ ያለው ቤንዚን ዝቅ ስለሚል፣ የታችኞቹ ቀዳዳዎች አየር መስጠት የሚጀምሩት ዘግይተው ነው። ለውጡ ደግሞ ትንሽ አይደለም፦ የ0.7 ሚሊሜትር ቀዳዳ ወደ 0.8 ቢሰፋ አየር የሚያልፍበት ስፋት 30 በመቶ ያህል ያድጋል። በመሰርሰሪያ ከማስፋት ይልቅ እንደ ብሎን ተጠምዘው የሚገቡ፣ የሚለወጡ ባለቀዳዳ ቁራጮችን መጠቀም የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ የሰፋ ብረት አይመለስም።