የመቶኛ ስሌት በፈተና

መቶኛ (ፐርሰንት) ማለት አንድ መጠን ከሙሉው ጋር ሲነጻጸር፣ ሙሉው 100 ቢሆን ኖሮ ስንት እንደሚሆን የሚያሳይ አገላለጽ ነው። ምልክቱ % ሲሆን «በመቶ» ተብሎ ይነበባል። ለምሳሌ 35% ማለት 35/100 ወይም 0.35 ነው። በማንኛውም የመቶኛ ጥያቄ መጀመሪያ የሚለየው «የምን መቶኛ?» የሚለው ነው።

ሦስቱ የጥያቄ ዓይነቶች

ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ቀመር ነው፦ ድርሻ = መቶኛ × ሙሉ መጠን

፩. ድርሻው ሲጠየቅ፦ የ240 35% ስንት ነው? 0.35 × 240 = 84። ያለ ካልኩሌተር ለመሥራት 10%ው 24 ስለሆነ 30%ው 72፣ 5%ው ደግሞ 12 ነው። ድምሩ 84 ይሆናል።

፪. መቶኛው ሲጠየቅ፦ አንድ የመርጡለ ማርያም ገበሬ ካመረተው 20 ኩንታል ጤፍ 7ቱን ቢሸጥ ስንት በመቶውን ሸጠ? 7 ÷ 20 = 0.35፣ ማለትም 35%።

፫. ሙሉው ሲጠየቅ፦ ከአንድ ክፍል ተማሪዎች 90%ው 54 ከሆኑ የክፍሉ ተማሪዎች ስንት ናቸው? 54 ÷ 0.9 = 60።

ጭማሪና ቅናሽ

በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15% ነው። ስለዚህ ዋጋው 1,000 ብር የሆነ ዕቃ ከታክሱ ጋር 1,000 × 1.15 = 1,150 ብር ይሆናል። ከ1,150 ብር ተነስቶ የታክስ በፊቱን ዋጋ ለማግኘት ግን ለ1.15 ማካፈል ያስፈልጋል። የ1,150 15%ው 172.50 ስለሆነ፣ እሱን መቀነስ 977.50 የሚል የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ታክሱ የተሰላው ከ1,150 ሳይሆን ከ1,000 ነውና።

በዚሁ ምክንያት 20% ጨምሮ እንደገና 20% የቀነሰ ዋጋ ወደ ነበረበት አይመለስም፦ 1.2 × 0.8 = 0.96፤ 4% ያንሳል።

መቶኛና የመቶኛ ነጥብ

የሁለት መቶኛዎች ልዩነት የሚነገረው በመቶኛ ነጥብ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች 27,267ቱ (3.23%) ግማሽና ከዚያ በላይ አመጡ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409ኙ (5.40%) አመጡ። «ውጤቱ በስንት ጨመረ?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት ትክክለኛ መልሶች አሉ፦

• የማለፊያ ምጣኔው በ2.17 የመቶኛ ነጥብ ጨምሯል (5.40 − 3.23)።
• ምጣኔው ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ወደ 67% ገደማ አድጓል (2.17 ÷ 3.23)።
• ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ወደ 34% ገደማ ጨምሯል (9,142 ÷ 27,267)።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለያዩት የተፈታኞች ቁጥር በ20% ገደማ ስለቀነሰ ነው። ስለዚህ በጥያቄም ሆነ በዜና «በመቶ» የሚል ቃል ሲያጋጥም፣ ከስሌቱ በፊት ለማካፈያ የሚሆነውን ሙሉ መጠን መለየት ያስፈልጋል።