አባባ ተስፋዬና ያልተመለሰው ተረት

በእብናትም ሆነ በደብረ ታቦር ደጋ በምድጃ ዙሪያ የሚነገር ተረት የራሱ ሥርዓት አለው። ተራቹ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ይላል፤ ክፉ ቃል ቢያመልጠው አዋቂ ያርመዋል፤ ስሕተቱም ከቤቱ ሳይወጣ ይቀራል። ይህን የምድጃ ጥበብ ለአገር ሁሉ በቴሌቪዥን ያቀረቡት ተስፋዬ ሣህሉ፣ በሕዝብ አጠራር አባባ ተስፋዬ፣ ነበሩ።

በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱት እኚህ የኪነ ጥበብ ሰው ከጠላት ወረራ በኋላ ወደ መድረክ ወጡ። ሴቶች በመድረክ በማይታዩበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየተጫወቱ ተመልካቹን አስቀዋል። በ1940ዎቹ ኮርያ ድረስ ተጉዘው የቃኘው ሻለቃን ዘማቾች አዝናንተዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያዙ። ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ፣ በተረት፣ በቀልድና በምትሐት 42 ዓመት ያህል አገለገሉ። ዘውዱም ደርግም ሲያልፉ እርሳቸው ከቦታቸው አልተነሡም።

የማታ ማታ ግን ስማቸውን ያጎደፈ ነገር ተከሰተ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዝግጅታቸው ላይ አንድ ሕፃን የተናገረው ተረት የሕዝብን ክብር የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ አባባ ተስፋዬ ከሥራቸው ተሰናበቱ።

እዚህ ላይ ሁለት እውነቶች አብረው መቆም ይገባቸዋል። የተሰደበው ወገን ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ቴሌቪዥን የተናገረውን አዋቂ ጣልቃ ገብቶ አያርመውም፤ ተረቱም አይመለስም። በሌላ በኩል ሕፃኑ ንቀትን አልፈጠረም፤ የሰማውን ደገመ እንጂ። በዚሁ በእኛ ደጋ ማረሻ የሚሠራለትን ቀጥቃጭና እንስራ የምታበጅለትን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እያለ የሚያገል ስንት ተረት በየቤቱ ተነግሯል! አንድ አዛውንት በማሰናበት የዚህ ሁሉ ዕዳ ተከፈለ ማለት ራስን መደለል ነው።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በተረታቸው ያደገው ትውልድ አልቅሶ ሸኛቸው። ያ እንባ ግን ጥያቄውን አልመለሰውም። ተረት የሚሰበስብ መምህርና ተረትን ወደ መድረክ የሚያወጣ ከያኒ ከእርሳቸው ፍቅሩንም ጥንቃቄውንም ሊማር ይገባዋል፤ ይኸውም ተረቱ የሚያስቀው በማን ላይ እንደ ሆነ፣ ልጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ መጠየቅ ነው።