መዝገቡ የማን ነው? አነስተኛ ነጋዴ፣ የቴሌግራም ገበያና የብድር ዋስትና

በከተሞቻችን ስለ በይነ መረብ ንግድ ሲወራ ዋናው ጉዳይ የገበያ መስፋት ነው። ሱቅ መከራየት ያልቻለ ሰው በስልኩ ዕቃ ያሳያል፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሐዋሳና ለደሴ ይሸጣል፣ ለማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ ይቀርለታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገበያው ለአንዱ ሲሰፋ ለተፎካካሪውም ይሰፋል፤ ያው አንድ ዓይነት ጫማ በአንድ ቀን በብዙ ቻናል ሲለጠፍ ከትርፉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው መከራከሪያ፣ ስልኩ ለአነስተኛ ነጋዴ ካመጣለት ነገር ሁሉ የሚበልጠው የሽያጭ መዝገቡ ነው የሚል ነው። መዝገቡ በየዕለቱ ይጻፋል። ግን ጻፊውም ሌላ፣ አንባቢውም ሌላ ነው። ነጋዴው በዋስትና ሊያስይዘው፣ ለሚመለከተው ሊያሳየው፣ ስህተት ሲገኝበትም ሊከራከርበት አልቻለም።

የተለመደውን ግብይት ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት ጫማ ሻጭ በቴሌግራም ቻናሏ ላይ ፎቶ ትለጥፋለች፤ ከሥሩ የቁጥሩ ዝርዝር፣ ስልክ፣ «ነፃ ዴሊቨሪ» የሚል መስመር፣ ብዙ ጊዜም የሕንፃ ስምና የሱቅ ቁጥር ይከተላል። ዋጋው አንዳንዴ አይጻፍም፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይባላል። ተፎካካሪ እንዳያይ ነው፤ ደግሞም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ላይ ቆራጥ መሆን ከብዷል። ገዢዋ ትጽፋለች፦ «38 አለ?»፣ «መጨረሻው ስንት ነው?»። ከተስማሙ ቀብድ ይጠየቃል ወይም ዕቃው ሲደርስ እንዲከፈል ይሆናል። ሞተረኛው ጫማውን ይዞ ይሄዳል። ገዢዋ በሯ ላይ ለክታ፣ አገላብጣ አይታ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ታስተላልፋለች፤ ስክሪንሾትም ትልካለች። ሞተረኛው ግን ከበሩ አይንቀሳቀስም። ለሻጯ ደውሎ «ገባ?» ይላታል። ሻጯ ምስሉን አታምንም፤ በተቀናበረ ስክሪንሾት ስንት ሰው እንደተበላ ታውቃለች። በራሷ ስልክ ላይ ከ127 የሚመጣውን መልእክት ወይም የባንኩን ማሳወቂያ ትጠብቃለች። ሲደርሳት «ገብቷል፣ ስጣት» ትላለች። ኔትወርክ ከዘገየ ሦስቱም በያሉበት ቆመው ይጠብቃሉ።

በዚህች አጭር ልውውጥ ውስጥ ያለውን የመተማመን ጥያቄ ልብ ይሏል። ዕቃው ፎቶው ላይ ያለው ነው ወይ? ቀብዱ ቢላክ ሻጯ ትጠፋለች ወይ? ገንዘቡስ በርግጥ ተልኳል? የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ገዢ የዕቃውን ጥራት ከሻጭ እኩል ማወቅ በማይችልበት ገበያ ደህና ዕቃ የያዘው ሻጭ እየተገፋ ሊወጣ እንደሚችል አስረድቷል። የእኛ ገበያ ይህን ችግር የሚያውቀው ከስልክ በፊት ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእህል ንግድ ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ገዢውን ሳያውቅ እህሉን ወደ አዲስ አበባ የሚልከው ደላላውን ተማምኖ እንደነበር አሳይተዋል። የደላላው ሀብት ስሙ ነበር፤ ስሙ ከጠፋ ሥራው ይጠፋል። የቴሌግራም ሻጮችም ያንኑ ስም በሌላ መንገድ ለመገንባት ይደክማሉ። የረካ ደንበኛ የጻፈላቸውን ምስጋና መልሰው ይለጥፋሉ፣ የቻናላቸውን ዕድሜ ይጠቅሳሉ፣ አቅሙ ያላቸው መገናኛ ወይም መርካቶ ጠባብ ሱቅ ይከራያሉ። ሱቁ ለሽያጭ እምብዛም አያስፈልግም፤ «ካልተመቸኝ ሄጄ የምጮህበት ቦታ አለ» ብሎ ገዢው እንዲረጋጋ ነው። የሱቅ ኪራይን ለማስቀረት የተጀመረ ንግድ ተመልሶ ኪራይ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሦስቱ ጥያቄዎች ሦስተኛውን፣ የክፍያውን፣ ቴክኖሎጂው በአብዛኛው መልሶታል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሏል። እንዲህ ያለው አገልግሎት ለትንሽ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከጎረቤት ማየት ይቻላል። ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኤም ፔሳ ኬንያ ውስጥ 194,000 ያህል ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ፣ 185,000 ያህል ሴቶችም ዋና መተዳደሪያቸውን ወደ ንግድ እንዲያዞሩ እንደረዳ ገምተዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ሆኖም ገንዘብ ማስተላለፍ መቻልና ንግድን ማሳደግ መቻል ለየቅል ናቸው፤ ለማሳደግ ካፒታል ያስፈልጋል።

በእኛ አገር መሠረታዊው ማነቆ ይኸው ነው። ባንክ በመያዣነት ቤት፣ ሕንፃ ወይም መኪና ይጠይቃል። ጆሴፍ ስቲግሊትዝና አንድሩ ዋይስ በ1981 እ.ኤ.አ. እንዳብራሩት፣ አበዳሪ ደህናውን ተበዳሪ ከአደገኛው መለየት ካቃተው ወለድ ጨምሮም ቢሆን ለሁሉም አያበድርም፤ ብድሩን ይቆጥባል። ባንኩ የማይሰጠው ሻጯን ስለሚጠላ አይደለም፤ ስለማያውቃት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም በመጋዘን ያለ ሸቀጥ፣ ከብት፣ ሰብልና ተሰብሳቢ ሒሳብ ሳይቀር፣ በብድር ዋስትና እንዲያዝ መፍቀዱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን የጫማ ሻጯ ሸቀጥ ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣ ነው። ቆሞ የሚቆጠር ንብረት የላትም። ያላት የሽያጭ ፍሰት ነው፦ በሳምንት ስንት ጥንድ፣ በበዓል ሰሞን ስንት፣ ተመላሹ ስንት፣ ለአስመጪው የምትከፍለው መቼ። ይህን ፍሰት ለማሳየት ደግሞ መዝገብ እንጂ ቤት አያስፈልግም።

መዝገቡን ተጠቅሞ ማበደር እዚህም ተጀምሯል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ጀመረ፤ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ሚቹ» የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር አቅርቧል። ተበዳሪው በስልኩ ይጠይቃል፣ ሥርዓቱ የእንቅስቃሴ ታሪኩን መዝኖ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ይህ ከ10 ዓመት በፊት ሊታሰብ የማይችል ነበር፤ ጥቅሙን ማሳነስ ተገቢ አይመስለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተከለከለው ሰው ለምን እንደተከለከለ፣ ምን ቢያሻሽል እንደሚፈቀድለት በሚገባው ቋንቋ ተብራርቶ ሊያገኝ ይገባዋል። በአንድ ተቋም ዘንድ ያካበተው ታሪክም ወደ ሌላው አይሻገርም። በቴሌብር ሦስት ዓመት የሸጠች ነጋዴ ሌላ ባንክ ስትገባ እንደ አዲስ ሰው ትታያለች።

እዚህ ላይ ዕቁብን ማንሳት ግድ ነው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። ማን በሰዓቱ እንደጣለ፣ ማን እንዳጓተተ አባሉ ሁሉ ያውቃል፤ ጸሐፊው ያለአግባብ ቢጽፍ እዚያው ይነሳበታል። አንድ ሰው ከሰፈር ዕቁብ ወደ መርካቶ ትልቅ ዕቁብ ሲያልፍም የቀድሞ ዳኛው «ጣይ ነው» ብሎ ይመሰክርለታል። የዕቁብ መዝገብ የባለቤቶቹ ነው፤ ይነበባል፣ ይከራከሩበታል፣ ወደ ሌላ ቦታም ይዘውት ይሄዳሉ። ዲጂታል ብድሩ ከዕቁብ የሚሻለው ማኅበርተኛ ሳያስፈልገው ወዲያው መድረሱ ነው። የሚያንሰው በእነዚህ በሦስቱ ነው፤ ሦስቱም ከቴክኖሎጂው ባሕርይ የመጡ አይደሉም፣ ከአሠራሩ እንጂ።

ታዲያ ነጋዴዋ ራሷ መዝገብ ለምን አትይዝም? ብዙ ሥልጠና የሚሰጠው ይህን የዕውቀት ጉድለት አድርጎ ነው፤ የገቢና ወጪ ሠንጠረዥ ያስተምራል፣ የስልክ መተግበሪያ ያስጭናል። እኔ እንደማምነው ጉዳዩ በዋናነት የፍርሃት ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የተካሄደውን የቀን ገቢ ግምት ማስታወስ ይበቃል። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴዎች በደረጃ «ሐ» ይመደቡ ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረባቸው ግብራቸው በግምት ይወሰን ነበር። ገማቾች በየሱቁ ዞረው የቀን ሽያጩን ገመቱ፤ ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ ነጋዴዎች በአዲስ አበባና እንደ አምቦ ባሉ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቃቸውን ዘጉ። ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ትምህርት ይወጣል። አንደኛው፣ መዝገብ የሌለው ሰው በገማቹ እጅ ይወድቃል። ሁለተኛው፣ ሽያጩ የታወቀበት ሰው ለግብር ይጋለጣል። ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ይወስዳል፤ በሁለት ሦስት ሰው ስም በተከፈተ ሒሳብ ክፍያ ይቀበላል፣ የነጋዴ ሒሳብ ከመክፈት ይልቅ በግል ቁጥሩ ይሠራል፣ ከቻለም «ካሽ ቢሆን ይሻላል» ይላል። ከግብር የሸሸበት መንገድ ግን ከብድርም ያርቀዋል፤ የተበታተነው ሽያጩ ሲመዘን ግማሹ አይታይለትም። ይህን ቋጠሮ ሥልጠና ብቻውን አይፈታውም። የግብር ባለሥልጣኑ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገቡን ላሳየ ነጋዴ ግልጽና የማይለወጥ ዝቅተኛ ምጣኔ ቢያረጋግጥለት፣ የወደኋላውንም እንደማይቆፍርበት በጽሑፍ ቢያስታውቅ፣ የገቢና ወጪ ደብተር ስለመያዝ ከሚሰጥ ሥልጠና ሁሉ የበለጠ ውጤት ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

ከግብር ፍርሃቱ ሌላ የመድረኩ አለመጽናትም አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ቆይተዋል፤ ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። ሱቁ ቴሌግራም ላይ ብቻ ላለ ሰው ይህ በሩ በሌላ እጅ እንደተቆለፈበት ነው። ባሕር ዳርና ጎንደር ያለ ሻጭ የደንበኞቹን ስልክ በወረቀት ካልያዘ ማን ዘንድ ደውሎ ይሸጣል? ቻናል የተሰረቀበትም እንዲሁ ነው፤ ለዓመታት የተሰበሰበው ስም በአንድ ሌሊት የሌላ ይሆናል።

ሕጉ የሚያሠራ መሠረት አለው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። እኔ የምጠይቀው ውስን ነገር ነው፦ ማንኛውም የክፍያ አገልግሎት ሰጪ፣ ነጋዴው ሲጠይቅ የ12 ወር የሽያጭ መግለጫ በአማርኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች፣ ትክክለኛነቱ ሊረጋገጥ በሚችል ቁጥር ታትሞ፣ ያለ ክፍያ ይስጠው፤ ሌላው አበዳሪም መግለጫውን እንደ ማስረጃ ይቀበል። መግለጫውን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው ነጋዴው ይሁን። ጥንቃቄውም አብሮ ይታሰብ። ኬንያ ውስጥ የስልክ ብድር ተትረፍርፎ ብዙ ሰው ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው መክፈል ከጀመረ በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. ሕግ ተሻሽሎ ዲጂታል አበዳሪዎች በማዕከላዊ ባንኩ ፈቃድ እንዲሠሩ ተደርጓል። እኛ ያንን ለመማር እስኪደርስብን መጠበቅ የለብንም።

በመዝገብ ላይ የተመሠረተ ብድር ቢሳካ እንኳ የሚያየው መዝገብ ያለውን ብቻ ነው። የሽሮ ሜዳን ገበያ እንውሰድ። የሐበሻ ቀሚስ ሻጯ ፎቶ ትለጥፋለች፣ ለዋሽንግተንና ለዱባይ ደንበኛ ትልካለች፣ ክፍያዋ በስልክና በባንክ ስለሚገባ ታሪኳ ይጠራቀማል። ጥበቡን የሠራው ሸማኔ፣ ብዙ ጊዜ ከጋሞ ደጋ የመጣ ባለሙያ፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሠርቶ ዋጋውን የሚቀበለው በእጁ ነው። ፈትሉን በዱቤ ይወስዳል፤ ዱቤው የተጻፈው በነጋዴዋ ደብተር ነው። ከሁለቱ ካፒታል የበለጠ የሚጠማው እሱ ሆኖ ሳለ በሥርዓቱ ዓይን እሱ የለም። ስለዚህ ብድሩን የሚያስፋፉ ባንኮች ለነጋዴዋ ሲያበድሩ የሸማኔዎቿን ክፍያ በስማቸው በተከፈተ ሒሳብ እንድትፈጽም በውሉ ውስጥ ማስገባት ይችላሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሸማኔው የፈትል መግዣ በራሱ ስም ለመጠየቅ የሚያበቃ ታሪክ ይኖረዋል።