ማታ የሚያብበው ሐረግ

ስሙኝማ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የወረደ ሰው ጋቢውን ሳያወልቅ አይደርስም። ላይ ደጋው፣ ደብረ ብርሃንማ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናትና፣ ውርጩ ብርቱ ነው፤ ቅል ደግሞ ውርጭ የነካው ዕለት ያበቃለታል። ታዲያ ወተቱ የሚናጥበት ቅል ከየት መጣ ቢሉ፣ ሞቅ ካለው አገር አጥር ነው።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ አመሻሽ ላይ እዚያ አጥር ሥር ቁሙልኝ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ? አበባውም ለየቅል ነው። የዱባው ቢጫ አበባ ማለዳ ተከፍቶ ንብ ያስተናግድና ቀትር ሳይሆን ይታጠፋል። የቅሉ ነጭ አበባ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይፈነዳል፤ እንግዶቹም የእሳት እራቶች ናቸው። ጠጋ በሉ። አንዱ አበባ በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ወንዴው እሱ ነው። ሌላው ከሥሩ ፀጉር የለበሰች፣ አውራ ጣት የማታክል ቅል ይዟል፤ ሴቴው ነው።

የእሳት እራት ድንበር አያውቅም። ከጎረቤት መራራ ቅል ብናኝ ይዞ ቢመጣ የዘንድሮው ፍሬ እናቱን እንደመሰለ ይቀራል፤ ጉዱ የሚወጣው ዘሩ በቅሎ ሲያፈራ ነው። ስለዚህ ዘሩን የሚሳሳለት ሰው የሴቴውን እንቡጥ ሳይፈነዳ በክር ያስረዋል፤ ሲመሽ ይፈታውና ከራሱ ሐረግ የቆረጠውን ወንዴ አበባ አስነክቶ መልሶ ያስረዋል። አንገቱ ላይም ጨርቅ ያስርበታል፤ እንዳይቀጠፍ።

ከዚያ መታገሥ ነው። ሐረጉ ደርቆ፣ ቅሉ ሲነቀነቅ ውስጡ እስኪንኳኳ ይቆያል። ዘሩ ይወጣል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ነቀዝ እንዳይገባው በተነፋ አመድ ይታሻል፤ ከዚያም በሌላ ቅል ተከድኖ የምድጃው ጢስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለዘር የተቀመጠው ሁሉ የተበላበት ቤት ብዙ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የዘር ባንክ የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ፣ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል መቀመጡ ብቻ አይበቃም፣ ከገበሬው ማሳም መኖር አለበት ብለው በሸዋና በወሎ ከገበሬው ጋር ሠሩ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ሥራቸው በስንዴና በማሽላ ይታወቃል። እኔ የምሰጋው ለአጥሩ ሐረግ ነው። ፕላስቲክ የቅሉን ቦታ በወሰደ ቁጥር፣ ያንን ክር የሚያስር እጅ ይጠፋል።

እናም ኅዳር ላይ አልዩ አምባ ገበያ ከወረዳችሁ፣ መናጫ ቅል የምትሸጠዋን እናት ዋጋ ብቻ አትጠይቋት። ዘሩ ከየትኛው አጥር እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንዳቆየችው፣ ጣፋጭ ይሁን መራራ ጠይቋት። ከፈቀደች ጥቂት ፍሬ ተቀበሉና ያለችውን ሁሉ ከነቀበሌው ጽፋችሁ ከዘሩ ጋር አስቀምጡት።