የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጢስና የመዝገቡ ታሪክ

ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር በሚያህል ከፍታ የምትገኝ የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያመለክተው ነፋስ የሚመላለስባት ስፍራ ስለሆነች፣ ከሞተር የሚወጣ ጢስ በላይዋ ብዙ ሳይቆይ ይበተናል። ይሁን እንጂ ጢሱ ከዓይን መራቁና መጠኑ መቀነሱ አንድ አይደለም። በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች ይህን ልዩነት የተረዱት ዘግይተው ነው። ከእነርሱ ታሪክ ለኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የሚተርፍ ትምህርት አለ።

ናይትሮጂን ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በአፈጣጠሩ ከሌሎች በካዮች ይለያል። የድኝ ጋዝ ምንጩ ነዳጁ ራሱ ስለሆነ፣ ነዳጁን በማጣራት ሊቀነስ ይችላል። ናይትሮጂን ግን ከአየሩ 78 በመቶውን ይይዛል። የእሳቱ ሙቀት ከ1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ የአየሩ ናይትሮጂንና ኦክሲጂን ይዋሐዳሉ። ስለዚህ ነዳጁ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ የሞተሩ ሲሊንደር እስከጋለ ድረስ ጋዙ መፈጠሩ አይቀርም። ከወጣም በኋላ በፀሐይ ብርሃን ለሳንባ ጎጂ የሆነውን ኦዞን ያስገኛል፤ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝም ወደ ናይትሪክ አሲድ ተለውጦ ከዝናብ ጋር ይወርዳል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቀድሞ የተወሰደው መፍትሔ የጢስ ማውጫውን ማስረዘም ነበር። በከተማው ላይ ያንዣብብ የነበረው ጢስ ተነሣ፤ ነፋስ ግን ድንበር አሻግሮ ወሰደው። የስካንዲኔቪያ ሐይቆች በአሲድ ዝናብ ምክንያት ዓሣ እያጡ መሄዳቸው ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለትን የሚመለከት ስምምነት በጄኔቭ ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሶፊያ የተፈረመው ፕሮቶኮል ደግሞ የአባል አገሮች የናይትሮጂን ኦክሳይድ ልቀት እስከ 1994 መጨረሻ ከ1987ቱ መጠን እንዳያልፍ ወሰነ። ጃፓን በአሞኒያና በካታሊስት አማካይነት ጋዙን ወደ ናይትሮጂንና ወደ ውኃ የሚመልሰውን ዘዴ በ1970ዎቹ በማመንጫዎቿ ላይ ሥራ ላይ አውላ ነበር።

ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሻሻለችው የአየር ንጽሕና ሕግ፣ በትልልቅ ማመንጫዎች ጢስ ማውጫ ላይ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ እንዲተከልና ንባቡ ለመንግሥት እንዲቀርብ አዘዘች። በ1990 ከ6 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው የማመንጫዎቿ ዓመታዊ ልቀት በ2020 ከ1 ሚሊዮን ቶን በታች ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም የ1990ው መነሻ ቁጥር መሣሪያዎቹ በየማመንጫው ከመተከላቸው በፊት የነበረ በመሆኑ፣ የተገኘው ከነዳጅ ፍጆታ መዝገብ በስሌት ነው።

በኢትዮጵያ የነገሩ አካሄድ ሌላ ነው። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በናፍጣ ሞተር የተጀመረው የኤሌክትሪክ ብርሃን በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ውኃ ተደገፈ። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1952 የቆቃ፣ በ1956 ደግሞ 11.4 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። ከዋናው መስመር የራቁት ከተሞች ግን በየራሳቸው የናፍጣ ሞተር ሲጠቀሙ ቆዩ። በ1993 ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 በ73 ሜጋዋት፣ በ2002 ጣና በለስ በ460 ሜጋዋት ተጨመሩ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መስመሩ በደረሰበት ከተማ ሞተሩ ቆመ፤ ጢሱም አብሮ ቆመ። ይህ እውነተኛ የልቀት ቅነሳ ነው፤ የተሠራው ግን ነዳጅ ለመቆጠብና አገልግሎትን ለማስፋፋት እንጂ ጋዙን ለመቀነስ ታስቦ አልነበረም።

እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባለው ደጋ አገር የናፍጣ ኃይል ውድ ነው። ነዳጁን መኪና አቀበቱን ወጥቶ ያመጣዋል፤ በ3 ሺህ ሜትር ከፍታም አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከተጻፈለት ጉልበት ይጎድልበታል። የናፍጣ ወፍጮ በኤሌክትሪክ ሲተካ ባለወፍጮው የሚያሰላው የነዳጁን ወጪ ነው፤ መሐንዲሱ ግን ከዚያው ሒሳብ ሌላ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል።

የልቀት መቆጣጠሪያ የሌለው የናፍጣ ሞተር 1 ሺህ ሊትር ሲያነድ፣ እንደ መጠኑና እንደ ሥሪቱ ከ50 እስከ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጂን ኦክሳይድ ያወጣል። በቀን 200 ሊትር የሚያነድ የከተማ ሞተር ቢታሰብ፣ ፍጆታው በዓመት 73 ሺህ ሊትር፣ ልቀቱም ከ3 ተኩል እስከ 5 ቶን ይሆናል። ለዚህ ስሌት የጋዝ መለኪያ አያስፈልግም፤ የናፍጣ መረከቢያ ደረሰኝ፣ የሞተሩ የሥራ ሰዓትና የመነጨው ኪሎዋት ሰዓት ይበቃሉ። እነዚህም ኦፕሬተሩ በየፈረቃው የሚሞላቸው ቁጥሮች ናቸው። ሞተሩ ተነቅሎ ሲወሰድ መዝገቡ እንደ ተራ ወረቀት ከተጣለ፣ የከተማው የልቀት ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ጉዳዩ ያለፈ ብቻም አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዝናብ እጥረት ግድቦችን ባጎደለ ጊዜ በቃሊቲ፣ በአዋሽ ሰባትና በድሬዳዋ የናፍጣ ማመንጫዎች ተተክለዋል። መስመር በተቋረጠ ቁጥርም የየሆቴሉና የየሆስፒታሉ ጄኔሬተር ይነሣል። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ደግሞ ቆሻሻ በማቃጠል የሚሠራ በመሆኑ ጢሱ ክትትል ይሻል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንዲህ ባሉ ትልልቅ ማቃጠያዎች ላይ የናይትሮጂን ኦክሳይድ መጠን ያለማቋረጥ እንዲለካ ያስገድዳል። በኢትዮጵያም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ቆይቷል። አንድ ደንብ ልቀት ቀነሰ ወይም ጨመረ ብሎ ሊፈርድ የሚችለው ግን መነሻው ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ በየዲስትሪክቱ ያሉ የሙያው ሰዎች ሊፈጽሙት የሚችሉት ሥራ ግልጽ ነው፦ የቀሩትን የሞተር ቤት መዝገቦች ማሰባሰብ፣ እያንዳንዱ ሞተር የተተከለበትንና የቆመበትን ዓመት መጻፍ፣ የተቃጠለውን ነዳጅ መደመር። ነፋስ የወሰደውን ጢስ መመለስ አይቻልም፤ ምን ያህል እንደነበረ ለመናገር ግን መዝገቡ እስካለ ድረስ ጊዜው አላለፈም።