ምላጭና ብሎን

አሊዩ አምባ በታሪክ መጽሐፍ የምትነሳው በአሞሌዋ፣ በዓርብ ገበያዋና ከታጁራ በሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃ ይዞ ያለፈባት እንግሊዛዊው ሃሪስም አልተረሳም። የአርጎባው ነጋዴና የክርስቲያኑ ገበሬ ራስ የተላጨበትን ምላጭ ግን ማን ቆጥሮት! ለሐዘንም ይሁን ለበዓል፣ ዳኛው የላጪው እጅ ነበር። አሜሪካዊው ሊዮ ዋል በ1919 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ማሽን ከመጣ ወዲህ ዳኝነቱ ወደ ሁለት ብሎኖች ዞረ፤ እኛ ታሪክ የምንለው ይህንንም ነው። ብሎኖቹን አላልተን፣ የማይንቀሳቀሰውን የታች ስለት ከላይኛው ጥርስ ጥቂት አስቀድመን፣ አግድሙን አስተካክለን እናጠብቃለን። የላይኛው ካለፈ ቆዳ ይበላል፤ ብዙ ወደኋላ ከቀረ ደግሞ አሳጥሮ አይቆርጥም። ያልጸዳ ስለት ላይ የቀረች ጠብታ ደም ለሚቀጥለው ባለተራ ትተርፋለች።